ውሃን በአልትራሳውንድ ማከም፦ ጥያቄና መልስ

ከፍኖተ ሰላም፦ ሐኪም ቤት ፅንስ የሚታይበት አልትራሳውንድ እንዴት ጀርም ይገድላል?

መልስ፦ እሱስ አይገድልም። አልትራሳውንድ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው፤ የሐኪም ቤቱ ድግግሞሹ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) በሚሊዮን ኸርዝ የሚቆጠር ቢሆንም ጉልበቱ ትንሽ ነው። ለውሃ የሚመረጠው 20 ኪሎኸርዝ (20 ሺህ ኸርዝ) ገደማ ሆኖ ጉልበቱ የበረታ ነው። ድምፁ ውሃውን ሲስበው ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል፤ ሲጨምቀው አረፋው ወደ ውስጥ ይደረመሳል። በዚያች ነጥብ ሙቀቱ ለቅጽበት ሺህ ዲግሪዎችን ይሻገራል፣ ግፊቱም በመቶዎች አትሞስፌር ይደርሳል። የባክቴሪያው ሽፋን የሚቀደደው ያኔ ነው። የአንጀት ባክቴሪያ የሆነው ኢ. ኮላይ ቶሎ ይሸነፋል፤ ስፖር (አንዳንድ ባክቴሪያ ራሱን የሚጠብቅበት ጠንካራ ቅርጽ) ግን ግትር ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ባለ 40 ኪሎኸርዝ የጌጣጌጥ ማጠቢያ ገንዳ አለችኝ። ለመጠጥ ውሃ ብጠቀምባትስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ምክንያቱን በፎይል ሞክረው ይዩት፦ አዲስ የተቀዳ ውሃ ያዘለው አየር ጉልበቱን ስለሚውጠው መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያስነሷት። ከዚያ ቁራጭ አልሙኒየም ፎይል ቀጥ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይንከሩና ወደ ብርሃን ይያዙት። አንዱ ቦታ በአረፋው ተበሳስቶ፣ አረፋው ያልደረሰበት ሌላው እንዳለ ይገኛል። ባልተበሳው በኩል ያለፈ ጀርም ይተርፋል።

ከባሕር ዳር፦ ለአንድ ጀሪካን ስንት መብራት ይበላል?

መልስ፦ በሊትር 100 ዋት፣ ለ10 ደቂቃ እንያዝ። ለ20 ሊትር 2,000 ዋት ነው፤ 0.33 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ውሃው ውስጥ የገባው ብቻ ነው፤ ቆጣሪው ከዚያ በላይ ይቆጥራል። ውሃውም 14 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ሲሞቅ አረፋውን እንፋሎት ስለሚሞላው አቅሙ ይለዝባል፤ ስለዚህ ዕቃውን ከውጭ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለጠራ 20 ሊትር ውሃ ግን 1.25 ከመቶ የሆነ የክሎሪን ፈሳሽ 3 ሚሊ ሊትር ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም።

ከዚያው፦ ከታከመ በኋላ ሳይበከል ይቆያል?

መልስ፦ አይቆይም። መሣሪያው ሲጠፋ ጥበቃውም ያበቃል።

ከቡሬ፦ ታዲያ ምን ይረባል?

መልስ፦ ከክሎሪን ጋር ሲጣመር ይረባል። በክረምት ድፍርስ ውሃ ጀርሙ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚደበቅ ክሎሪን አይደርስበትም። አልትራሳውንድ ያንን ይበታትነዋል። ቢሆንም አስቀድሞ ማጥለልና ማጣራት ይቀድማል፤ እሱ ወጪ የለውም። የፕሮቡን (ድምፁን ውሃው ውስጥ የሚያስገባውን ዘንግ) ጫፍም ይከታተሉ። ቲታኒየም ቢሆንም አረፋው ይበላዋል፣ ብናኙም ውሃው ውስጥ ይገባል። ጎድጎድ ማለት ከጀመረ ይቀየር።

ከባሕር ዳር፦ ጣናን ከእምቦጭ አያድንልንም?

መልስ፦ እምቦጭን አይነካውም። የሚሠራው በአልጌ ላይ ነው፤ እሱም ጉልበቱ ከበዛ ሴሉ ይፈነዳና መርዘኛው ዓይነት አልጌ የያዘው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል።