«ወፍረሻል» ከማለት በፊት

ያን ዓመት ለገና ደብረ ብርሃን ስንገባ አክስቴ ታናሽ እህቴን አቅፋ ሳትጨርስ «ውይ፣ እንዴት ወፍረሻል!» አለቻት። በእኛ አገር ይሄ ምርቃት ነው፤ ተመችቶሻል ማለት ነው። የእህቴ ፊት ግን ልውጥ አለ። ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው የሴቶች የሆርሞን መዛባት) አለብሽ ከተባለች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እናታችን እንኳ አታውቅም።

ይህን የምጽፈው ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት ባል፣ ለወንድሟ፣ አብሯት ለሚኖር ሰው ነው። እሷማ ከሐኪሟ ሰምታለች።

በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ገደማ ይሄ ችግር አለባት። ስንፍና አይደለም። የብዙዎቹ ሰውነት ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) እንደሚገባው አይሠራለትም፤ ስለዚህ አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪዋ (እንቁላል የምታመርትበት አካል) የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ያደርጋል። የወር አበባ የሚዛባው፣ አገጭ ላይ ፀጉር የሚወጣው ከዚያ ነው። ክብደት ቶሎ ይጨምራል፣ ለመቀነስ ያታግላል። ቀጫጭኖችም አያመልጡም።

ልዩ «የፒሲኦኤስ ምግብ» የለም። በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም አንዱን አመጋገብ ከሌላው አላስበለጠም። ስለዚህ እንጀራ አትከልክሏት። እኛ ቤት እንጀራው ቀነሰ፣ ምስሩና ጎመኑ በዛ፤ ለሁላችንም፣ ያው ትሪ ላይ። ለእሷ ሰላጣ ሰጥቶ ፊቷ ጥብስ መብላት ግፍ ነው። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የምጨምረው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ተውኩ።

እማዬ በሶ ትልክልናለች። ገብስ ጥሩ ነው፣ አሰሩ ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ እንዳይገባ ያዘገያል። በሶውን በስኳር በጥብጦ በትልቅ ብርጭቆ መጨለጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ቆሎም በጭብጥ ሲሆን ነው እንጂ ፊልም እያዩ ሳህኑን መጨረስ አይደለም። ሜትፎርሚን (ኢንሱሊኑ በደንብ እንዲሠራ የሚረዳ መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ጾም ሳይገባ ሰዓቱን ሐኪሟን ትጠይቅ።

ልጅ ሆነን ከጠባሴ ትምህርት ቤት በዚያ ብርድ በእግራችን እንመላለስ ነበር። ስፖርት ነው ያለን የለም። አሁን በምንኖርበት ግን ከመኪና ወደ ሊፍት ነው። የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ነው። «ሂጂ ተራመጂ» አትበሏት፤ ጫማችሁን አጥልቁና ተነሱ። እኛ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን እንወጣለን። የመጀመሪያውን ወር ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፤ ሶፋው ሥር ከተትነው። እንቅስቃሴው ኪሎ ባይቀንስም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን በእርምጃ አይታለፍም። የወር አበባዋ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ እየወፈረ ሊሄድ ይችላል።

ዘንድሮ ከመሄዳችን በፊት እህቴን አስፈቅጄ ለአክስቴ ደወልኩና ነገሩን አስረዳኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ምን ልበላት?» አለችኝ።

«እንኳን ደህና መጣሽ በያት» አልኳት።