ግሬድ ለማስጨመር የመምህር በር ለምታንኳኩ

ውድ ተማሪዎች፣

ረዥም ዘመን ያስተማረ ሰው ስለ ትጋት እንዲጽፍላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ፋይናል ግሬድ በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ ስለሚመጣው ተማሪ ነው። ገብቶ ይቆማል፣ ተቀመጥ ብለውም አይቀመጥም፣ ጥቂት አቀርቅሮ ከቆየ በኋላ «መምህር፣ እባክዎ ይተባበሩኝ» ይላል። የፈተና ወረቀቱን እንዳሳየው አይጠይቀኝም፤ የሚያወራኝ ስለ ስኮላርሺፑ፣ ስለ ወላጆቹ፣ ለቢ ፕላስ ስለጎደለችው አንድ ማርክ ነው።

ልመናውን አልንቀውም፤ እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ቆሜ አውቃለሁ። ያን ቀን ምን ብዬ እንደለመንኩ ረስቼዋለሁ፤ መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው «የትኛው ጥያቄ ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው ማጣቴን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ቅሬታን ከልመና ለዩ። ቅሬታ መብታችሁ ነው። መምህር ድምር ይሳሳታል፣ የወረቀቱን ጀርባ ሳይገልጥ ያልፋል፣ የአንዱን ማርክ በሌላው ስም ትይዩ ይጽፋል። እኔ ራሴ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ገልጣ ያላረምኩትን ገጽ ስታሳየኝ 8 ማርክ ጨምሬላት፣ የግሬድ ማስተካከያ ቅጹን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለማስፈረም እየተቻኮልኩ ሄጃለሁ። የጽሑፍ መልስ እርማትማ ከዚህም የባሰ ነው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ስታርችና ኤሊየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ለብዙ መምህራን ልከው ቢያሳርሙት፣ ያው አንዱ ወረቀት ከመቶ ከ64 እስከ 98 ተሰጥቶት ተመለሰ። እንግዲህ «እንደገና ይታይልኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ዳግም የታየ ወረቀት ሊቀንስ እንደሚችል ግን አውቃችሁ ግቡበት።

በልመና የሚጨመር ማርክ ሌላ ጣጣ አለው። ግሬድ በከርቭ፣ ማለትም ተማሪው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተነጻጽሮ፣ በሚሰጥበት ክፍል አንዱን ከፍ ማድረግ ሌላውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ በቋሚ መለኪያ በሚሰጥበትም ቢሆን፣ ልክ እንደ እናንተው አንድ ማርክ ጎድሎት ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ተማሪ አለ። ለምኖኝ ከወጣው ይልቅ ይህ ያልመጣው ልጅ ነው ሲከነክነኝ የሚያመሸው።

ሒሳቡንም አስሉት። የ3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ቢያድግ፣ ኤ 4 ነጥብ በሚያዝበት ስሌት የሚጨመረው 3 የግሬድ ነጥብ ነው፤ ይህም ለ120 ክሬዲት ሰዓት ሲካፈል በመመረቂያ አማካይ ውጤታችሁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 0.025 ነው። እርግጥ 2.00 ማለፊያ በሆነበት ቦታ 1.98 ይዞ ለቀረ ተማሪ ይህች ቁራጭ የመቆየትና የመባረር ጉዳይ ናት፤ በእርሱ አልፈርድም። ነገር ግን እርሱ መምጣት የነበረበት የሚድ ፈተናው ወረቀት በተመለሰበት ሳምንት ነበር፤ ያኔ አሳይንመንቱም ፋይናሉም ገና ከፊቱ ነበሩ፣ እኔም አብሬው ቁጭ የምልበት ጊዜ ነበረኝ። ግሬዱ ሬጅስትራር ከገባ በኋላ በእጄ የሚቀረው ያ የማስተካከያ ቅጽ ብቻ ነው፣ ቅጹ ደግሞ «ምክንያት» የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ «አሳዝኖኝ» ብዬ ልጽፍ አልችልም።

ስትመጡ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ፣ የጥያቄውን ቁጥርና የጻፋችሁትን መልስ ይዛችሁ ኑ። አማላጅ አትላኩ፤ ስጦታማ ጨርሶ አይታሰብ። ወረቀታችሁን አይታችሁ የእርማት ስሕተት ባታገኙበትም «የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ለማለት መምጣት ትችላላችሁ። ግሬዱ አይነካም፤ ፈተናውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን እንገልጠዋለን።