ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ?

አንድ ገበሬ የላከልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «40 የቲማቲም ችግኝ ተከልኩ። አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ። 9ኙ ግን አናታቸው ላይ ያለው ቅጠል ወየበ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ብረት አንሶት ነው ይለኛል። ብረት ካነሰ ታዲያ ለምን ሁሉም አይወይቡም? ዘሩን ያወጣሁት ካለፈው ምርቴ ነው። የንጥረ ነገር እጥረት በዘር ይተላለፋል እንዴ?»

ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው ቢጫ ቅጠል ሲያይ ቀጥ ብሎ ወደ ማዳበሪያው ጆንያ ነው የሚሮጠው። አንተ ግን ቆም ብለህ አጠገቡ ያለው ለምን ደህና ሆነ አልክ።

አዎ፣ በዘር ሊመጣ ይችላል። ግን የሚወረሰው እጥረቱ ራሱ አይደለም። የሚወረሰው አፈር ውስጥ ያለውን የመሳብ፣ የሳበውን ወደ ቅጠል የማድረስና ባገኘው የመብቃቃት አቅም ነው። አቅሙ ደካማ የሆነ ተክል ለም አፈር ላይ ከጎረቤቱ ላይለይ ይችላል። አስቸጋሪ አፈር ላይ ስታቆመው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ያንተ ጉዳይ ብረት ስለሆነ እሱን ላስረዳህ። አፈር ውስጥ ብረት ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው እንደ ዝገት ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በተለይ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፣ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ) ከ7.5 ሲያልፍና ኖራ ሲበዛበት ብረቱ እዚያው እያለ ተክሉ ይራባል። ቲማቲም ይህን ለመወጣት የራሱ ዘዴ አለው፦ ሥሩ ዙሪያ አሲድ ይለቃል፣ የሟሟውን ብረት ሥሩ ላይ ባለ ኢንዛይም (ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ወደሚመቸው መልክ ይቀይራል፣ ከዚያ ያስገባዋል። በቆሎና ስንዴ መንገዳቸው ሌላ ነው። እነሱ ብረትን ጥፍር አድርጎ የሚይዝ ነገር ከሥራቸው ያመነጩና ብረቱን ከነያዡ ይስቡታል።

እንግዲህ እያንዳንዱን እርምጃ የሚያዝዘው ዘረመል ነው። አንዱ ከተበላሸ ሰንሰለቱ እዚያ ጋ ይቆረጣል። ቲማቲም ውስጥ «ፈር» የሚባል ዘረመል አለ፣ በ2002 ነው ተለይቶ የታወቀው። እሱ የጎደለው ተክል ብረት ሲያንሰው ሥሩን ለሥራ መቀስቀስ አይችልም፣ ዝም ብሎ ይወይባል፣ ልዩ እንክብካቤ ካልተደረገለትም ይሞታል። የሚገርመው ይህ ተክል የተገኘው ቦሮን የሚባለውን ሌላ ንጥረ ነገር በደንብ ማጓጓዝ ከማይችል የቲማቲም የዘር መስመር ውስጥ ነው። በአንድ ቤት ሁለት ጣጣ!

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን «ክሎሮኔርቫ» የሚባለው ቲማቲም ነው። ይህኛው ብረት ይስባል፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ሆኖም ብረቱን በአካሉ ውስጥ በትክክል የሚያከፋፍልበትን ኒኮቲያናሚን የሚባል ነገር መሥራት ስለማይችል፣ ቅጠሉ በብረት ተሞልቶ ብረት እንደጠማው ይወይባል፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ልክ አንተ እንደገለጽከው ማለት ነው። ያንን የጎደለውን ነገር ቅጠሉ ላይ ሲቀቡለት ይለመልማል። እንዲህ ያለውን ተክል በብረት ማዳበሪያ ብታጥበው ምን ይጠቅመዋል?

በበቆሎም አለ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር የሚያወጣ፣ ብረቱን ከነያዡ ወደ ሥሩ ማስገባት የማይችል በቆሎ በ1929 ተመዝግቧል፣ ዘረመሉ የታወቀው ግን በ2001 ነው። በ1943 ደግሞ አኩሪ አተር ላይ የተሠራ ሥራ በብረት አጠቃቀም ጎበዝ የሆነውንና ደካማውን የዘር መስመር የሚለየው አንድ ዘረመል እንደሆነ አሳየ። ኋላ ላይ የአንዱን ግንድ በሌላው ሥር ላይ አጣብቀው ሲያዩት የሚወስነው ሥሩ ሆኖ ተገኘ። ብረት ብቻም አይደለም። በ1953 «ዩታ 10ቢ» የሚባል የሴሌሪ (አገዳው የሚበላ አትክልት) ዝርያ፣ ሌላው ዝርያ አረንጓዴ ሆኖ በሚቆይበት አፈር ላይ፣ በማግኒዥየም እጥረት እንደሚወይብና ምክንያቱ አሁንም አንድ ዘረመል እንደሆነ ታውቋል።

የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል መጥቆሩን የምታውቀው ይመስለኛል። የካልሲየም ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ አፈሩ ካልሲየም አጥቶ ሳይሆን ውሃው አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ የሚመጣ። እሱም ዝርያ ይመርጣል። ረዘም ያሉት ቲማቲሞች ቶሎ ይጠቃሉ፣ ትንንሾቹን ክብ ቲማቲሞች ግን እምብዛም አይነካቸውም።

ወደ 9ኙ ልመለስ። ከ40 ውስጥ 9 ሲባል ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ሩብ ደግሞ ዘር የሚያጠና ሰውን ጆሮ የሚያቆም ቁጥር ነው። ዘሩን ያወጣህበት ተክል ዲቃላ ከነበረና ከወላጆቹ አንዱ ድብቅ ጉድለት አውርሶት ከሆነ፣ እናትየው ጤነኛ ሆና ልጆቿ ውስጥ በአማካይ ከ4 አንዱ ላይ ጉድለቱ ብቅ ይላል። ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። እኔ ግን ገና አላመንኩበትም። የነገርኩህ ከባድ ጉድለቶች ገበያ ላይ በሚሸጥ ዘር ውስጥ ብርቅ ናቸው፣ ያለባቸውም ችግኞች ገና ከጅምሩ ስለሚዳከሙ መደብ ላይ እያሉ ትጥላቸው ነበር። ያንተዎቹ ተተክለው፣ አድገው፣ ከዚያ ነው የወየቡት። ስለዚህ ዘሩን ከመክሰሳችን በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች እንይ።

መጀመሪያ 9ኙ የት የት እንደቆሙ እይ። አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ከሆነ ጥፋቱ የመሬቱ ነው፦ ውሃ የሚተኛበት፣ አመድ ሲደፋበት የኖረ፣ ወይም የግንባታ ፍርስራሽና ኖራ የተቀበረበት ቦታ ሊሆን ይችላል። «አፈሩ አንድ ነው» ያልከኝን ለጊዜው አልተቀበልኩህም፣ ይቅርታህን፤ አንድ ማሳ በሁለት እርምጃ ርቀት ሌላ ማሳ ይሆናል። እዚህም እዚያም ተበታትነው ከሆነ ግን ወይ ዘር፣ ወይ ሥር፣ ወይ ቫይረስ ነው።

ቫይረሱን ለመለየት የቅጠሉን ቅርጽ ተመልከት። ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ አንሶ፣ ጠርዙ ከወየበና ስታራግፈው ትንንሽ ነጭ ዝንብ ብን የሚል ከሆነ የእጥረት ወሬውን ተወው፣ የትኛውም ማዳበሪያ አያድነውም። ቅጠሉ ቅርጹን እንደያዘ ጅማቶቹ መሃል ብቻ ከወየበ ደግሞ አንዱን ተክል ሠዋና ከነሥሩ በጥንቃቄ ቆፍረህ አውጣ። ሥሩ ላይ እባጭ ካየህ ኔማቶድ (በዓይን የማይታይ የሥር ትል) ገብቶበታል። ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ውሃ በዝቶበታል። ሲተከል ታጥፎ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ከዞረም ሳብ ማድረግ አቅቶት ነው። ሦስቱም ብረት ጎደለው የሚያሰኝ ቢጫ ሊያመጡ ይችላሉ። እኔ ውርርድ ብገባ ብሬን የማስይዘው ሥሩ ላይ ነው።

ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ ካገኘኸው ያኔ ሙከራ እንሥራ። 5 ግራም ፌረስ ሰልፌት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብረት ጨው) በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠህ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከሚወይቡት ባንዱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ እርጭ። በሳምንት ውስጥ የተረጨው ቅጠል አረንጓዴ እየሆነ ከመጣ ቅጠሉ ውስጥ ብረት አንሶ ነበር ማለት ነው። ተጠንቀቅ፣ ይህ ዘሩ ነው አፈሩ ነው የሚለውን አይመልስልህም፤ ሥሩ በተፈጥሮ ሰነፍ ቢሆንም፣ አፈሩ ብረቱን ቢይዝበትም የተረጨው ቅጠል ያው ይለመልማል።

የሚለየው ሌላ ነው። የቲማቲም የጎን ቀንበጥ ቆርጠህ እርጥብ አፈር ላይ ብትተክለው በቀላሉ ሥር ያወጣል። ከወየበው አንድ፣ ከደህናው አንድ ቁረጥና ከሌላ ቦታ ባመጣኸው ጥሩ አፈር በሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ትከላቸው። የወየበው ቀንበጥ እዚያ ሲደርስ አዲሱን ቅጠል አረንጓዴ አድርጎ ካወጣ አፈርህ ወይም የድሮው ሥሩ ነበር ችግሩ። ጓደኛው እያማረበት እሱ ብቻ እንደገና ከወየበ በዘሩ ይዞት የመጣው ነገር አለ፣ ቫይረስ አለመሆኑን እርግጠኛ ከሆንክ ነው ታዲያ፣ ቫይረስም ከቀንበጥ ጋር ይሄዳል። ሌላው ነገር፣ ቅጠል ላይ ነጭ ወይም ክሬም ዥጉርጉር አይተህ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ የእጥረት ጉዳይ ላይሆን ይችል ነበር፤ አረንጓዴ ቀለሙን የሚሠራው ክፍል በተፈጥሮ የተበላሸበት ተክል እንደዚያ ይሆናል።

እስከዚያው አደራ፣ ለ9ኙ ብለህ 40ውን ማዳበሪያ አታጠግብ። 31ዱ ደህና ናቸው። በተለይ ፎስፈረስ ሲበዛ ብረትና ዚንክ መውሰድን ያስተጓጉላል፣ የደህናዎቹንም ቅጠል ልታወይበው ትችላለህ። የአፈርህን ፒኤች አስለካ። ከፍ ያለ ሆኖ ከተገኘ ተራ ብረት አፈሩ ላይ መበተን ገንዘብ መድፋት ነው፣ ወዲያው ይታሰራል። ያኔ የሚያዋጣህ አፈሩ እንዳያስረው «ኢዲዲኤችኤ» በሚባል ያዥ የተያዘው ብረት ነው። «ኢዲቲኤ» የሚል የሌላ ያዥ ስም የተጻፈበት ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ግን ብረቱን አይዝም። ከዚያም ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ አፈር የሚችል ዝርያ ፈልግ፤ አፈርን ከመቀየር ዘርን መቀየር ይቀላል።

ከ9ኙ ግን ዘር አታውጣ፣ ጥፋታቸው ይረጋገጥ አይረጋገጥ። ከ31ዱ ማውጣትም ከፈለግክ፣ ነገሩ በዘር ከሆነ ከደህናዎቹም ብዙዎቹ ጉድለቱን ደብቀው ይዘውት ሊሆን ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ተክል ለየብቻ አውጥተህ ስሙን ጻፍበት። በሚቀጥለው መደብ ከየትኛው ተክል ዘር ስንት ቢጫ ችግኝ እንደበቀለ ቁጠር። አሁን ግን መቆፈሪያህን ያዝና አንዱን አውጣው፣ ሥሩን አጥበህ ፎቶ ላክልኝ።