የእጅ ባትሪን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቤት ያለውን የእጅ ባትሪ በኤልኢዲ ስለማሻሻል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አብዛኞቻችሁ የጀመራችሁት «የቱ ኤልኢዲ ይሻላል?» ብላችሁ ነው። እኔ የምጀምረው ከድንጋዩ ነው። ስንት ቮልት እንዳለው፣ ስንት አምፒር መስጠት እንደሚችል ካልታወቀ ውድ ኤልኢዲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ የድሮ ባለ ሁለት ትልቅ ድንጋይ የእጅ ባትሪ አለ። ቀፎው ብረት ነው። አምፖሉን አውጥቼ ኤልኢዲ ብገጥምበት ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ሒሳቡ ግን ጠባብ ነው። ሁለት ድንጋይ ሲደመር 3 ቮልት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ2.8 እስከ 3.4 ቮልት ይፈልጋል። ድንጋዩ አዲስ ሳለ ደህና ይበራል። ትንሽ ሲደክም ጭል ጭል ማለት ይጀምራል፤ ውስጡ ገና ብዙ ጉልበት እያለ ልትጥለው ነው። ስለዚህ ቮልት ከፍ የሚያደርግ «ቡስት» ድራይቨር ፈልግ፤ ድራይቨር ማለት ለኤልኢዲው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ሶልደር ማድረግ ካልፈለግክ እንደ ድሮው አምፖል የሚሰካ፣ ሰርኪዩቱ ውስጡ ያለ ኤልኢዲም አለ። ስትገዛ የተጻፈበትን ቮልት አንብብ። ደግሞም አምፖል ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አይመርጥም፣ ኤልኢዲ ግን ይመርጣል። ካልበራ ተቃጠለ ከማለትህ በፊት አገባቡን እይ። ብረቱን ቀፎ አትጣለው፣ ሙቀት ለማውጣት ከፕላስቲክ በብዙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ለሦስት ትንንሽ ድንጋይ ስንት ኦም ሪዚስተር ልጠቀም?

መልስ፦ ሪዚስተር የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ነው። ሦስቱ ድንጋይ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ኤልኢዲው 3 ቮልት ከወሰደ 1.5 ይተርፋል። 350 ሚሊ አምፒር ከፈለግክ 1.5 ለ0.35 ሲካፈል 4.3 ኦም ይመጣል። ሰው የሚረሳው ዋቱን ነው። ሪዚስተሩ ላይ ግማሽ ዋት ገደማ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ባለ 1 ዋት ግዛ። ባለ ሩብ ዋቷ ሚጢጢዬ ትጨሳለች።

ጥያቄ፦ ግድግዳ ላይ ቀጥታ የሚሰካ የእጅ ባትሪ ነበረኝ፤ ቻርጅ መያዝ አቆመ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ሊቲየም አውጥቼ ላስገባበት?

መልስ፦ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ርካሾቹ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት ሊድ አሲድ ነው። ቻርጀራቸው ትራንስፎርመር የለውም። 220 ቮልቱን በአንድ ካፓሲተርና በጥቂት ዳዮድ አሳልፎ ይሰጣል፣ በቃ። ሞላ ብሎ የሚቆርጥ ነገር የለውም። ሊድ አሲዱ ይህን ለተወሰነ ጊዜ ይችለዋል፤ ሊቲየም ግን አይችለውም። ከ4.2 ቮልት በላይ ሲገፋ ይግላል፣ ሊነድም ይችላል። ስለዚህ መሰኪያውን ከነሰርኪዩቱ ነቅለህ ጣል። ተሰክቶ ሳለ ደግሞ በፍጹም እንዳትከፍተው፤ ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ሰው ይይዛል።

በቦታው ቲፒ 4056 የምትባለዋን ትንሽ የቻርጅ ሰሌዳ ግዛ። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ትሠራለች፣ ድንጋዩ 4.2 ቮልት ደርሶ ሲሞላ ራሷ ታቆማለች። ሁለት ዓይነት አለች። የባትሪና የመውጫ ነጥቦቿ ለየብቻ የሆኑትን ውሰድ፤ ድንጋዩ ከልክ በላይ ሲያልቅም የምትቆርጠው እሷ ናት።

ከላፕቶፕ የወጡትን ሴሎች በመልቲሜትር ለካ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የከረመውን ተወው። ደህናውን ሙላና ሳምንት አስቀምጥ፤ ቮልቱ ከወረደ እሱም አይሆንም። አንድ ሴል ብቻ ተጠቀም። ዕድሜያቸው የተለያየ ሁለት አሮጌዎችን በተከታታይ መግጠም ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ 9900 ሚሊ አምፒር አወር የተጻፈበት 18650 (ክቡ ሊቲየም ድንጋይ) አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። በዚያ መጠን ጥሩ የሚባሉት 3500 አካባቢ ናቸው። እጅህ ላይ መዝነው፤ እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ግቢው ሰፊ ነው። እስከ አጥሩ ድረስ የሚወረውር የቱ ኤልኢዲ ነው?

መልስ፦ ትልቅ ኤልኢዲ ሩቅ ይወረውራል ማለት አይደለም። ባለህ አንጸባራቂ ላይ ክሪ የሚባለውን ኩባንያ ኤክስኤምኤል 2 ኤልኢዲ ብትገጥም ብርሃኑ ብዙ ነው፣ ግን ይበተናል። አነስ ያለው ኤክስፒጂ 2 ጠበብ አድርጎ ይልከዋል። ለርቀት ትንሽ ኤልኢዲ፣ ሰፊና ጥልቅ አንጸባራቂ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። በአሁኑ ባትሪዬ ቀዩና ቡናማው ሽቦ አንድ ይሆኑብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ችግር ሉመን (የብርሃን መጠን) አይደለም፣ የቀለም ጥራት ነው። ሲአርአዩ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) ከ90 በላይ የሆነ፣ የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 4500 ኬልቪን ያለ ፈልጊ። ኒቺያ 519ኤ የሚባለው ኤልኢዲ ለዚህ ይመረጣል። ያ ሰማያዊ የሚመታው 6500 ኬልቪን ለዓይን ደማቅ ይመስላል እንጂ ለሽቦ ሥራ አይሆንሽም።

ጥያቄ፦ ስምንት 7135 ያለው ድራይቨር ይሻላል ወይስ አራት?

መልስ፦ 7135 አምፒሩን የምትገድብ ትንሽ ቺፕ ናት፤ እያንዳንዷ 350 ሚሊ አምፒር ታሳልፋለች። ስምንቱ 2.8 አምፒር፣ አራቱ 1.4። ባለ 3000 ሚሊ አምፒር አወር ድንጋይ በስምንቱ አንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ በአራቱ ሁለት ሰዓት ይዘልቃል። ዓይንህ ደግሞ ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱን ያን ያህል አያውቀውም። እኔ አራቱን እመርጣለሁ። ሙቀቱም ይቀንሳል፤ በ2.8 አምፒር ላይ ኤልኢዲው የተቀመጠበት ሰሌዳ መዳብ መሆኑ፣ ከሥሩም ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) በስሱ መቀባቱ ግድ ነው። ፔስት ማለት እንደ ማርማላታ መለቅለቅ አይደለም። ቀፎው ፕላስቲክ ከሆነ ከ1 ዋት ባታልፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነኝ። ለወንድሜ ጥቂት 18650 ይዤ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ሻንጣ ውስጥ ልክተት?

መልስ፦ በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እያንዳንዱን በፕላስቲክ መያዣው ያድርጉት፣ ጫፎቹ እንዳይነካኩ። የአንዱ ጉልበት 13 ዋት አወር ገደማ ነው፤ ያለ አየር መንገድ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ገጥሜ ክዳኑን ሳጠብቅ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ኤልኢዲው ሞተ?

መልስ፦ ላይሞት ይችላል። አንጸባራቂው ብረት ከሆነ ሥሩ ሶልደሩን ነክቶ ሾርት አድርጎ ይሆናል። ክዳኑን ፍታና እንደገና አብራ። ከበራ ምክንያቱ እሱ ነው። የሶልደሩን ጉብታ ዝቅ አድርግና በመሐላቸው ክብ የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባበት። ስትቆርጠው ቀዳዳው ኤልኢዲውን መሐል ላይ እንዲይዘው አድርግ፤ አለዚያ ብርሃኑ ወደ ጎን ይንጋደዳል።