የእኔ ላብ፣ የእናቴ ቸርነት

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በየወሩ ደሴ ላለችው እናቴ ገንዘብ እልካለሁ። እናቴ ግን እጇ የተፈታ ነው። ለአንዷ ጎረቤት መድኃኒት፣ ለሌላዋ ልጅ ደብተር እያለች ታከፋፍለዋለች። የቤታችን ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። ሰፈሩ ቸርነቷን ሲያወራ ቅር ይለኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስስታም የሆንኩ ይመስለኛል። ሰው በሌላ ሰው ገንዘብ ለጋስ ይባላል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ልጄ። ቅሬታሽን ስስት ብለሽ አትጥሪው። ሌሊት ተነሥተሽ የሰው ወለል ወልውለሽ፣ የሰው ልጅ አዝለሽ ያገኘሽውን ከራስሽ ቀንሰሽ የምትልኪው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያዋ ለጋስ አንቺ ነሽ፤ ሰፈሩ ስለማያይሽ ስምሽን አያነሣም።

ልግስና ለእኔ ከሰጪው ላይ የሚጎድል ነገር ሲኖር ነው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ እናንተው ወሎ ሄደው በረኀብ የወደቀ ሰው አዩ። ለራሳቸው ስንቅ የያዙትን ዳቦ ሰጡ። ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸው ይህን አልወደዱም፤ እርሳቸው ልጆቹን መርጠው ሞቅ ያለ ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። የጎደለው ሁሉ ከእርሳቸው ነበር።

በእናትሽ ላይ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የሚያድሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከእርሳቸውም ይጎድላል ማለት ነው። ልጃቸው በስደት ላይ ያለች እናት ሌሊት ቢያማቸው ደጃቸውን የምታንኳኳው ያቺው መድኃኒት የገዙላት ጎረቤት ናት። ይህን ከጅዳ ሆነሽ ማየት ያስቸግራል። እኔን ያስከፋኝ ሳያማክሩሽ መስጠታቸው ብቻ ነው።

ደግሞ ለመስጠትም ልክ አለው። ዘካን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፦ ከቤት ወጪ ተርፎ፣ ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ትንሹ የሀብት መጠን) ሞልቶ ዓመት ከዞረበት ገንዘብ 2.5 በመቶ ነው። ግዴታው እንኳ የሰጪውን ቤት አፍርሶ አልመጣም።

እንግዲህ ስትደውዪ ምስጋናውን አስቀድሚ። "ይህን ያህሉ የአንቺ ነው፣ ለወደድሽው ስጪ፤ ለማን ሰጠሽ ብዬ አልጠይቅሽም" በያቸውና ቃልሽን ጠብቂ፤ የሰጡትን እየቆጠርሽ አታሳፍሪያቸው። የቆርቆሮውን ገንዘብ ግን ለምታምኚው ዘመድ ላኪ። በእናትሽ እጅ ካለፈ፣ የተቸገረ ሰው ፊታቸው ሲቆም ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ምነው እንዲህ ሆኑ ብለሽም አትቀየሚያቸው።

ከዚህ የሚተርፈውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በራስሽ ስም ባንክ አስቀምጪ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ለቤተሰብ ሲልኩ ኖረው፣ ሲመለሱ አንዲት ክፍል የሚከራዩበት ያጡ ሴቶች ይጽፉልኛል፤ ደብዳቤያቸውን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ይህን የቁጠባ ሒሳብ ከእናትሽ አትደብቂ። ይከፉብኛል ብለሽም አታዘግዪው፤ ከዚህ ወር ደመወዝሽ ጀምሪ።