ከቦንዳ የወጣው ሻርፕ እውነተኛ ነውን?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሐዋሳ ሲሆን፣ አሮጌው ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ጠብቄ ሰልባጅ የመግዛት የቆየ ልማድ አለኝ። በቅርቡ ከተከመረው መካከል «ኤርሜስ ፓሪስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የሐር ሻርፕ አግኝቼ ከአንድ ኪሎ ቡና ባነሰ ዋጋ ገዛሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጓደኞቼ ግን ፎርጅድ ነው ይሉኛል። በዚያው ሰሞን ሌላ ነጋዴ የታወቀው የፈረንሳይ ቤት የሉዊ ቪቶን የቆዳ ቦርሳ ነው ብሎ የሻርፑን ብዙ እጥፍ ጠየቀኝ። የሻርፑን እውነተኛነት በምን ላረጋግጥ? ቦርሳውንስ ልግዛው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ደስታዎ የሚገባ ነው፤ ባለሙያ የደከመበትን ሥራ ከክምር መካከል ለይቶ ማውጣት ከገንዘቡ ቁጠባ በላይ የሚያስደስት ነገር ነው። ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ሻርፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለኩት። ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1837 በፓሪስ የፈረስ ዕቃ በመሥራት የተጀመረ ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሐር ሻርፕ ያወጣው በ1937 ነው፤ በይበልጥ የታወቀበትም መጠን በየጎኑ 90 ሴንቲሜትር የሆነው አራት ማዕዘን ነው። ሌሎች መጠኖችም ስላሉት ግን ልኩ ብቻውን አይፈርድም።

ከልኩ ይልቅ አስተማማኙ ምስክር ጠርዙ ነው። የእውነተኛው ሻርፕ ጠርዝ በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ነው፤ የሚጠቀለለውም ሥዕሉ ወዳለበት ወደ ፊቱ በኩል ነው። በጣት ሲዳስሱት ሞላ ያለ ሆኖ ያገኙታል፤ ስፌቱም የሰው እጅ ሥራ በመሆኑ በጥልፉና በጥልፉ መካከል ያለው ርቀት ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል። በመኪና የተሰፋ፣ ጠፍጣፋና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ጠርዝ ካዩ ጓደኞችዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። በነገራችን ላይ፣ ነጠላ ሲቋጭ እያየ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ለመለየት ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሻርፑን ብርሃን ላይ ይያዙት። ሽመናው ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ይታዩበታል፤ እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ስለሚታተምም የቀለማቱ ድንበርና የፊደላቱ ዳር ጥርት ያለ ነው። ከጠርዙ የተላቀቀ ክር ካለ ጥቂቱን ያቃጥሉት፤ ሐር እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ይህ ፈተና የሚያሳየው ሐር መሆኑን ብቻ ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነ አይናገርም።

ቦርሳውን ግን እንዲገዙት አልመክርም። ቦርሳው የቤቱ ስም ፊደላት ተደጋግመው የታተሙበት ከሆነ፣ ነጋዴው «የቆዳ ነው» ማለቱ ራሱ ያጠራጥራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የሚታወቀው የሉዊ ቪቶን ባለፊደል ጨርቅ በላዩ ልባስ የተቀባ የጥጥ ሸራ ነውና። ቆዳው ያለው በእጀታውና በጠርዙ ነው፤ እርሱም ቀለም ያልገባው በመሆኑ በዕድሜ ብዛት ወደ ማር መልክ እየጠቆረ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ጥርጣሬዬ አይለቀኝም። በውጭ አገር በእርዳታ የተሰበሰበ ልብስ በክብደት ተሸጦ፣ ተለይቶና ተጨምቆ ቦንዳ ከመሆኑ በፊት ዋጋ የሚያወጣውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ትንሽ ሻርፕ ከዓይናቸው ሊያመልጥ ይችላል፣ ሁሉም የሚያውቀው ቦርሳ ግን እምብዛም አያመልጥም። ከዚህም በላይ ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገራችን ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ ደረሰኝና ዋስትና በሌለበት ገበያ ቢታለሉ የሚከሱት ሰው አያገኙም። ስለዚህ ምንጊዜም የሚከፍሉት ስሙ ባይኖርበትም ለዕቃው ደስ ብሎዎት የሚሰጡትን ያህል ብቻ ይሁን። ሻርፑን የገዙት በዚህ ሚዛን ነው፤ ስሙ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ አልከሰሩም።

ለቦርሳው ያሰቡትን ገንዘብ ይዘው የሱፍ ካፖርቶቹን ቢያገላብጡ እመርጣለሁ። እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃት ከተማ የከባድ ካፖርት ፈላጊ ጥቂት በመሆኑ ለመደራደር ያመቻል። ገበሩን ገልጠው ሉልና መስቀል ያለበት የሃሪስ ትዊድ ምልክት ካገኙ፣ ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባሉ ደሴቶች ሸማኔዎች በየቤታቸው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ስሙ የተጠበቀ ጨርቅ ነው። ደብረ ብርሃን ዘመድ ካለዎት ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ብቻ ብል እንዳልበላው ብብቱንና ኮሌታውን ብርሃን ላይ ይዩት።

ሻርፑን ለማጽዳት አስተማማኙ ደረቅ እጥበት ነው። በቤት ማጠብ ግድ ከሆነ በመጀመሪያ አንዱን ጥግ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ቀለሙ አለመልቀቁን ይፈትሹ፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሻምፖ አጥበው፣ ሳይጨምቁ በፎጣ አድርቀው ጥላ ላይ ያስጡት። ሲተኩሱትም ካውያው ጠርዙን እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ በእጅ የተጠቀለለው ስፌት አንዴ ከተዳጠ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።