መልስ፦ ዕቃ ሳያልቅ መቼ ልዘዝ?

ወንድሜ፣ «መጋዘኑ ሲመናመን አዛለሁ፤ አዲሱ ሳይገባ ግን ያልቅብኛል» ላልከው፣ ችግሩ ቀን አቆጣጠርህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ አስመጪ መቁጠር የሚጀምረው መርከቡ ሲነሳ ነው። መቆጠር ያለበት ግን ባንክ የውጭ ምንዛሪ ከጠየቅክበት ቀን አንስቶ ዕቃው ጅቡቲን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብንና ጉምሩክን አልፎ መጋዘንህ እስኪገባ ነው።

በቀን በአማካይ 12 ካርቶን የምትሸጥ፣ ዕቃውም በ90 ቀን የሚደርስ ከሆነ ዕቃው እስኪደርስ 12 × 90 = 1,080 ካርቶን ትሸጣለህ። ይህ መጠባበቂያ የለውም። ገበያ ሲደራ 15 የሚሸጥ፣ መንገዱ ሲጓተት 110 ቀን የሚፈጅ ከሆነ 1,650 ይሆናል፤ ልዩነቱ 570 ካርቶን መጠባበቂያህ ነው። እንግዲህ 1,650 ሲቀርህ እዘዝ (ቶሎ ለሚበላሽ ዕቃ ግን ይህን ያህል አታከማች)። የቀረህን ስትቆጥር ታዞ መንገድ ላይ ያለውንም መጋዘን ካለው ጋር ደምር፤ አለዚያ ያንኑ ሁለቴ ታዛለህ።